ለሞት የተዘጋጁት ንጉሥ፣ ለድካም ያልተዘጋጀው ቤተ መንግሥት

ስለ እምዬ ምኒልክ ስናወራ ወሬያችን ብዙ ጊዜ አድዋ ላይ ይቆማል። ገፋ ካደረግነው ስልኩን፣ ባቡሩን፣ ትምህርት ቤቱን እንጨምርበታለን። የመጨረሻ ዘመናቸውን ግን "ታመው ሞቱ" ብለን በአንድ ትንፋሽ እናልፈዋለን። ሕመማቸው የአንድ ሰሞን አልነበረም። ከ1898 ዓ.ም. እስከ 1906 ዓ.ም. ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ቆይቷል። ከአድዋ ድል እስከ መጀመሪያው ሕመማቸው ያለው ጊዜ ራሱ ዐሥር ዓመት ብቻ ነው።

ይህን ዘመን ከፖለቲካው ይልቅ ከሕመምተኛው አልጋ በኩል ማየት እፈልጋለሁ። ያረጀ አባት ወይም ያረጀች እናት ያለችበት ቤት ሁሉ የሚገጥመው ነገር እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ በትልቁ ተፈጽሟል። ንጉሡ ለሞታቸው ተዘጋጅተው ነበር። ሳይሞቱ ደክመው ቢቀሩ ምን ይደረጋል የሚለውን ግን ማንም አላሰበበትም። ከዚያ በኋላ ለመጣው መከራ አብዛኛው ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ነው። ልጅነታቸውን በአፄ ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ አሳልፈው፣ አምልጠው ሸዋን የያዙ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በፈረስ ጀርባ ላይ ኖረዋል። ሥራ ይወዳሉ፣ አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ራሳቸው ቀርበው ካላዩት አይሆንላቸውም። ሕመሙ ሲጀምራቸው ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ዛሬ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ከሚወጣበት ዕድሜ፣ ከስልሳ፣ አንድ ዓመት ያለፈ ማለት ነው።

በዚያው በ1898 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ራስ መኮንን ሞቱ። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ መንገድ ላይ ታመው ቁልቢ ላይ አረፉ። ራስ መኮንን የምኒልክ የአክስት ልጅ ናቸው፤ የጦር አዛዣቸው፣ የውጭ ጉዳይ ሰዋቸው፣ ብዙ ሰው አልጋውን ይወርሳሉ ብሎ የሚጠብቃቸውም ነበሩ። ንጉሡ ስምንት ዓመት ግድም በሚያንሳቸው ሰው ላይ አለቀሱ። ብዙም ሳይቆይ እሳቸውን ራሳቸውን ሕመሙ ነካቸው።

በሽታው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። ወደ አንጎል የሚሄድ የደም ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል፣ ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ይሞታል። ያ ክፍል የሚያዝዘው እጅ፣ እግር፣ ምላስ ሥራውን ያቆማል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ቀለል ብሎ ይመጣል። ሰውዬው ተነስቶ ይሄዳል፣ ይናገራል፣ ቤተሰቡም "ተሻለው" ይላል። ሐኪሞች የሚፈሩት ግን ያንን ጊዜ ነው፤ አንዴ የመታው ሰው ዳግመኛ የመመታቱ ዕድል ከሌላው ሰው በጣም ይበልጣል። የደም ግፊት መለካት፣ መድኃኒት፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ዛሬ ለዚህ አለ። ያኔ እንደ ዛሬው አልነበረም። ምኒልክ ላይ የሆነውም ልክ እንደዚያ ነው። አንዴ መታቸው፣ ተሻላቸው። ደግሞ መታቸው፣ ግማሽ ተሻላቸው። እያንዳንዱ ጊዜ ትንሽ እየወሰደ ሄደ።

የሕክምና ፍለጋው እንደኛ ቤት ነው። ሐኪምም ጸበልም። ከጓድሉፕ የመጡት ፈረንሳዊው ዶክተር ቪታሊየን ሐኪማቸው ነበሩ፣ በኋላም ጀርመኖች መጡ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሡ ጤና ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ወረዱ። እዚያው ሳሉ ነው አልጋቸውን ለማን እንደሚሰጡ ለሹማምንቶቻቸው የተናገሩት። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ የገባችውን የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ተሳፍረውባታል። ይህን ሳነብ ሁሌ ደስ ይለኛል። ሰውነታቸው እየከዳቸው እንኳ አዲስ ነገር የማየት ጉጉታቸው አልከዳቸውም።

ሕመማቸውን በቅርብ የሚከታተሉ ሌሎችም ነበሩ። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ ተፈራረሙ። አገሪቱ ባለችበት እንድትቆይ እንፈልጋለን አሉ፤ ነገሩ ከተናጋ ደግሞ እያንዳንዳችን ጥቅማችን የት የት እንደሆነ እንተዋወቅ አሉ። ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። አንድ ሰው ታሞ ሳለ ጎረቤቶቹ አጥሩን ተደግፈው መሬቱን ሲለኩ ማለት ነው። ምኒልክ ስምምነቱ ሲነገራቸው ሥልጣናቸውን የሚነካ ሆኖ እንደማይቀበሉት አሳውቀዋል።

ንጉሡ ይህን ሁሉ አይተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። እዚህ ላይ ነው እኔ በጣም የማከብራቸው። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሚኒስትሮች ሾሙ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ነበር የሚያድረው። ጦሩ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ፍርዱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ ጽሕፈቱ ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ተሰጠ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጃቸውን የወይዘሮ ሸዋረጋንና የወሎውን ራስ ሚካኤልን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሻቸው አድርገው አስታወቁ። ኢያሱ ያኔ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። ኢያሱ እስኪያድጉ ድረስ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑላቸው።

የዚያን አዋጅ ቃል ያነበበ ሰው ሽማግሌ አባት ልጆቹን ሰብስቦ ሲናዘዝ ይሰማዋል። አፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፣ አፄ ዮሐንስ ሲሞቱ የሆነውን አስታውሱ ይላሉ። እርስ በርስ የተባላ ሁሉ ጠፋ እንጂ የተጠቀመ የለም ይላሉ። አትመቀኛኙ፣ አገራችሁን ለባዕድ አትስጡ ብለው ይለምናሉ፤ ቃላቸውን የሚያፈርሰውን ደግሞ ይረግማሉ። "እሞታለሁ" ማለት ያልከበዳቸው ሰው ናቸው። በኛ ባህል ትልቅ ሰው እንዲህ ሲናገር ዙሪያውን ያሉት "ኧረ ክፉ አይናገሩ፣ እኛን ያስቀድመን" እያሉ አፉን ያስይዙታል። እሳቸው አልተያዙም።

ነገር ግን አዋጁም፣ ሹመቱም፣ እርግማኑም የሚሠራው ንጉሡ ሲሞቱ ነው። አልሞቱም።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከባዱ ስትሮክ መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተያዘ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ከምናምን በሕይወት ነበሩ። እንደራሴው የማን እንደራሴ ነው? ንጉሡ ሕያው ናቸው፣ ስለዚህ ወራሹ አይነግሥም። ንጉሡ አይናገሩም፣ ስለዚህ ማዘዝ አይችሉም። ትእዛዝ ይወጣል፣ በስማቸው ነው። ሹመት ይሰጣል፣ በስማቸው ነው። "ንጉሡ እንዲህ ብለዋል" የሚለውን ግን ማን ይመሰክራል? አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ሰው ነዋ።

አልጋው አጠገብ የነበሩት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ጣይቱ ያን ጊዜ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። በጥቅምትና በመጋቢት መካከል ባሉት ወራት አገሪቱን በአብዛኛው የመሩት እሳቸው ነበሩ። ሾሙ፣ ሻሩ፣ ዘመዶቻቸውንም ቦታ ቦታ አስያዙ። የሸዋ መኳንንት ይህን አልወደዱትም። መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. ተሰብስበው ቆረጡ። ከእንግዲህ እቴጌ በመንግሥት ሥራ አይግቡ፣ ንጉሡን ያስታምሙ አሉ።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቀን የጣይቱ ሥልጣን ያበቃበት ቀን ይሉታል። እውነት ነው። ግን ከዚያ ቀን በኋላ የሠሩትስ? ማስታመሙ እንደ ቅጣት ነው የተሰጣቸው። ማስታመም ሥራ እንዳልሆነ፣ ከሥራ የተባረረ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ እንደሆነ ተቆጠረ። ይህ አስተያየት ዛሬም አለ። አባት ሲደክም "አንቺ ሥራ የለሽም፣ ቤት ነሽ" የምትባለው ልጅ ላይ ነው የሚወድቀው። እንደ ውለታ እንኳ አይቆጠርላትም።

ሽባ የሆነ ሰው ያስታመመ ያውቀዋል። ትልቅ ሰው ከባድ ነው፤ ለብቻ አይገለበጥም። በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ ካልተቀየረ ዳሌውና ተረከዙ ይቆስላል፣ የአልጋ ቁስል ደግሞ አንዴ ከጀመረ ለመዳን በጣም ያስቸግራል። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ይቸግረዋል። ውሃ እንኳ በትንታ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ስለዚህ ቀና ተደርጎ፣ በማንኪያ፣ ትንሽ በትንሹ፣ ሳይቸኩሉ ነው የሚጎረሰው። ምራቁ ይጠረጋል። ልብሱ ይቀየራል። ይሰማ አይሰማ እንደሆነ አይታወቅም፣ ስለዚህ ይወራለታል። አንዳንዴ ያለ ምክንያት ያለቅሳል፤ ያ ራሱ የበሽታው ጠባይ ነው፣ ዘመድ ግን ልቡ ይሰበራል። ዘውድ የጫነ ሰው ከዚህ አያመልጥም። አገልጋዩ ቢበዛ ሸክሙን ይከፋፈሉታል እንጂ ሌሊቱን አያሳጥሩትም። አጠገቡ የምትቀመጠው ሚስቱም አርጅታለች። የእሷም ጉልበት እየከዳ ነው። አሮጊት ሽማግሌ ስታስታምም ያየ ሰው ሁለት ሕመምተኛ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ። ብዙ ቤተሰብ ኑዛዜ አጽፎ፣ ውክልናም ተቀብሎ ይረጋጋል። ኑዛዜ ለሞት ነው። ውክልናውስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በተለየ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ብቻ ሳይሆን ችሎታ ሲያጣም ውክልናው ይቀራል። ማለትም አባት ከሁሉ በላይ ሰው በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ወረቀቱ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ያኔ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚት ማሾም ይመጣል፤ እሱ ጊዜ ይፈጃል፣ ወንድማማችም ያጣላል። ውጭ አገር ሆናችሁ ለወላጆቻችሁ ቤትና ንብረት ውክልና የያዛችሁ ሰዎች ይህን አባትና እናት ገና በደንብ እየተናገሩ ሳሉ ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩበት። ማን ያስታምማል፣ በማን ገንዘብ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ ወይስ ቤት ይሁኑ፣ ማን ይወስናል? "ክፉ አታውራ" ቢሏችሁም በቀስታ ጠይቁ። ይህን የሚያህል የምኒልክ ቤተ መንግሥት እንኳ ሳይጠይቀው ቀርቶ ምን እንደሆነ አይተናል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሕመሙ ሲረዝም ነገር ሁሉ ተገለባበጠ። በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. እንደራሴው ራስ ተሰማ ሞቱ። ንጉሡ ሲሞቱ ወራሹን ይዘው ያሻግራሉ የተባሉት ሰው ከንጉሡ ቀደሙ። ሞት ተራ አይጠብቅም እንላለን፣ ግን ዕቅድ ስናወጣ ሁልጊዜ ተራ የሚጠብቅ እናስመስለዋለን። የምኒልክ ዕቅድ የተሠራው ሽማግሌው ይሞታል፣ ጎልማሳው ይጠብቃል፣ ልጁ ያድጋል በሚል ስሌት ነበር። ሽማግሌው ቆየ፣ ጎልማሳው ሄደ፣ ልጁ ያለ ጠባቂ አደገ። በኋላም በልጅ ኢያሱ ሰዎችና በቤተ መንግሥቱ ዘበኞች መካከል ጠብ ተነስቶ፣ ሕመምተኛው በተኙበት ግቢ ተኩስ ተከፍቷል።

የውጭ ጋዜጦችም በበኩላቸው ምኒልክን በሕይወት ሳሉ ደጋግመው ገድለዋቸዋል። "ሞቱ" የሚል ዜና ይወጣል፣ ይስተባበላል፣ እንደገና ይወጣል። አገር ቤትም ሕዝቡ ንጉሡን ካየ ቆይቷል። ሲነገረው ያምናል፣ ወይም ያመነ ይመስላል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሌሊት ምኒልክ በእውነት ሞቱ። ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። አልተነገረም።

ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ የሚገባው በኛ አገር ሰው ሲሞት የሚደረገውን ለሚያውቅ ነው። ለትልቅ ሰው ለቅሶ ነጋሪቱ ይጎሰማል፣ ፈረሱ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ ይወጣል። ጋሻው፣ ጦሩ፣ ካባው በሕዝብ ፊት ይታያል። አልቃሽ ስሙን እያነሳች፣ የዋለበትን ጦር ሜዳ እየቆጠረች ታስለቅሳለች። ቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ፍትሐት ታደርሳለች። ሰልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ተዝካር አለ። ድሃ እንኳ እድር አለው። የአድዋው ንጉሥ ግን ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ፣ ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት በጸጥታ ዐረፉ። ሳህለ ማርያም ተብለው ክርስትና የተነሱት ሰው ያለ አደባባይ ለቅሶ ቀሩ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ተላኩ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ደግሞ ወደ ፋሌ።

መርዶን ማዘግየት ለኛ አዲስ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ሰው እናቱ ሞታ ሳለ "ትንሽ አሟት ነው" ሲባል ይሰነብታል። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሰዉ ማልዶ በሩን ያንኳኳል፣ ብቻውን እንዳይሰማ ይደረጋል። እኔ ይህን ልማድ ከልቤ እወደዋለሁ። የሚዘገየው ሐዘንተኛው እንዳይጎዳ ነው። እዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መርዶው የተያዘው ለሐዘንተኛው ታስቦ አይደለም፣ ለሥልጣኑ ነው። ሕዝቡ ሐዘኑን ተቀማ።

ለምን ደበቁት? ብጥብጥ ፈርተው ነው የሚለው መልስ ትክክል ነው፣ ግን ለኔ አይበቃኝም። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። ከ1902 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥቱ በዝምተኛ ሰው ስም መሥራት ለምዷል። ንጉሡ ሳይናገሩ አራት ዓመት ተገዝቷል። ከሞቱ በኋላ በነበረው ማግስትና በዋዜማው መካከል ለሹማምንቱ ሥራ ምን ልዩነት ነበረው? ምንም። ሰውዬው ደክመው ሳለ እንደሌሉ መቁጠር ስለተለመደ፣ ሲሄዱም እንዳሉ መቁጠር አልከበደም።

ልጅ ኢያሱም ራሳቸው አልተጠቀሙበትም። አያቱን በአደባባይ ያልቀበረ አልጋ ወራሽ እንዴት ብሎ በአደባባይ ይነግሣል? ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ገዙ፣ ዘውድ ሳይጭኑም መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተሻሩ። የመውረዳቸው ምክንያት ብዙ ነው፤ የሃይማኖቱ ክስ አለ፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አሰላለፍ አለ፣ የመኳንንቱ ጥቅም አለ። ያልታወጀው ሞት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሠረቱን አላልቶት ነበር።

ለቅሶው የመጣው ዘውዲቱ ሲነግሡ ነው። ልጅ ለአባቷ፣ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ። ነገሥታቱ የሚያርፉበት ታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያምም በእሳቸው ተሠራ፤ የአባታቸውም አፅም ከሥዕል ቤት ወጥቶ ወደዚያ ተዛወረ። ንጉሡ ሲመኙት የኖሩት ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እነዚሁ ዓመታት ውስጥ ነው፣ በ1909 ዓ.ም.።

እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆዩ። በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቀረኝን ዕድሜ ጎንደር ልጨርስ ብለው ፈቃድ ጠየቁ። ተከለከሉ። ጥቂት ወራት ቆይተው የካቲት 4 ቀን ዐረፉ። ዛሬ በዓታ ምድር ቤት ከባላቸው ጎን ናቸው። መቃብሩን የሚያስጎበኙት ካህናት ስለ አድዋ፣ ስለ መቀሌው ምንጭ፣ ስለ አዲስ አበባ መቆርቆር ደስ በሚል አነጋገር ይነግራሉ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ያሳለፏቸው ከአራት ዓመት የበለጡ ሌሊቶችም እዚያው አብረው ቢነገሩ እወዳለሁ፤ በታሪክ መጻሕፍትም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ቢሰጣቸው።